ወደ ባሕር ፒር የሚደረግ ጕብኝት እንዴት እንደሚታቀድ

በተማሪዎች ክበብ የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር
በአንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ



የክበባችን ሊቀ መንበር ባለፈው ሳምንት ጠርቶ «በክረምቱ ዕረፍት ስላየኸው ነገር ንግግር ታደርግልናለህ» ባለኝ ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ሎንዶን ሕንጻዎችና ከምድር በታች ስለሚሄደው ባቡር እንደምናገር ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን ስለ አንድ ድልድይ ልነግራችሁ መጥቻለሁ። ድልድዩም ወንዝ የሚያሻግር አይደለም፤ ከአንድ የባሕር ዳር ከተማ ተነሥቶ ወደ ባሕሩ ውስጥ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ከሄደ በኋላ፣ ወዴትም ሳያደርስ እዚያው በውኃው ላይ የሚያበቃ ነው። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ሥራ ፒር ይሉታል። እኔም ከእንግዲህ ወዲህ ፒር እያልሁ እጠራዋለሁ፤ ድልድይ ብል የአባይ ድልድይ ይታያችኋል፣ ወደብ ብል ደግሞ ዕቃ የሚራገፍበት ቦታ ይመስላችኋልና።

ይህን ፒር ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ። የመጀመሪያው ጕብኝት ተበላሸ፤ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። ስለዚህ የምናገረው ስለ ፒሩ ብቻ ሳይሆን፣ ወደዚህ ዓይነቱ ቦታ ለመሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ምን ምን መጠየቅ እንደሚገባው ጭምር ነው። ክፍላችን ከፈተናው በኋላ ወደ ሐዋሳ ለመሄድ ኮሚቴ እንዳቋቋመ አውቃለሁ። ሐይቅ እንደ ባሕር አይሸሽምና ከእኔ ስሕተት ግማሹ አይደርስባቸውም፤ የቀረው ግማሽ ግን ሊደርስባቸው ይችላል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጠራለሁ፤ ሰዓቱን ግን በአገራችን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሜ የጕዞውን ምክንያት ላስረዳ። የእናቴ አባት የሆኑት አያቴ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ኢትዮጵያ በ1955 የባሕር ኃይሏን ስታቋቁም ዋናው የጦር ሠፈር ምጽዋ ነበር፤ አያቴም ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ፣ ገና የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ይኸውም ልክ በእኔ ዕድሜ፣ ተቀጥረው ወደዚያ ወረዱ። በዚያን ዘመን ከመርከቦቹ ሁሉ ትልቋ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር፤ እርስዋም ቀድሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የነበረች፣ በ1962 ለአገራችን የተሰጠች መርከብ ናት። አያቴ ስለ እርስዋ ሲናገሩ ስለ አንዲት የታወቀች ወይዘሮ የሚናገሩ ይመስላል። በ1993 ኤርትራ ነጻ መንግሥት ስትሆን አገራችን የባሕር ዳር አልቀራትም፤ ያ የባሕር ኃይልም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተበተነ። አያቴ ቀደም ብለው ምጽዋን ለቀው ስለ ነበረ፣ ባሕር ሳያዩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

በሎንዶን የምትኖረው አክስቴ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ባለፈው ክረምት አባቷ መጥተው እንዲያዩዋት ስትጠራቸው፣ እኔ እጃቸውን ይዤ እንድሄድ ተወሰነ። የአያቴ ግራ ጕልበት ይታመማል፤ የዓይናቸውም ብርሃን እየቀነሰ ነው። ሐኪም የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረው ግን በየቀኑ በሚደረገው ጠብታ ሊጠበቅ እንደሚችል ነግሮናል። አክስቴ በደረስን ማግሥት «አባባ፣ ምን ላሳይዎ?» ብላ ጠየቀቻቸው፤ ቤተ መንግሥቱንና ታላቁን ሰዓት ቈጠረችላቸው። አያቴ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ከታች ውኃ ያለበት ሳንቃ ላይ አንድ ጊዜ ልቁም» አሏት። ሌላ ነገር አልጠየቁም።

እንግሊዝኛም ካርታም እንደምችል ስለ ታመነብኝ ዕቅዱ ለእኔ ተሰጠ። ካርታውን ዘርግቼ ሳውዝኤንድ የምትባለውን ከተማ መረጥሁ። ይህች ከተማ ከሎንዶን በስተ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የቴምዝ ወንዝ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት ሰፊ አፍ ዳር ላይ ትገኛለች። የእርስዋ ፒር ለመዝናኛ ከተሠሩት ፒሮች ሁሉ በዓለም ረጅሙ ነው፤ ርዝመቱ 2158 ሜትር ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ቍጥር ራሴን አዞረው። «በዓለም ረጅሙን ፒር ከዳር እስከ ዳር በእግሬ ሄድሁበት» ብዬ ለእናንተ ስናገር ታየኝ። ስለዚህ በደብተሬ ላይ «በእግር እንሄዳለን» ብዬ ጻፍሁ። በፒሩ ላይ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሰው የሚያመላልስ ትንሽ ባቡር እንዳለ አንብቤ ነበር፤ ነገር ግን ባቡሩ ለሕፃናት ነው ብዬ አለፍሁት። የሚሄደው ማን እንደ ሆነ ግን አላሰብሁም።

የቀረውን ሁሉ በጥንቃቄ አዘጋጀሁ። ፌንቸርች ስትሪት ከሚባለው ጣቢያ የሚነሣው ባቡር አንድ ሰዓት ያህል እንደሚወስድ፣ ስንት ሰዓት ተነሥተን ስንት ሰዓት እንደምንደርስ ጻፍሁ። አክስቴ ዕረፍት የምታገኘው ረቡዕ ስለ ሆነ ረቡዕን መረጥን። ለምሳ ዳቦና የተቀቀለ እንቍላል፣ በፔርሙዝ ቡና፣ ጃንጥላ፣ የአያቴን የዓይን ጠብታ ያዝን። ማታ ዕቅዱን እያነበብሁ ሳለ አያቴ ከመኝታቸው ሆነው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ የውኃውን ነገር አስበህበታል?»

«አዎን አባባ፤ ሁለት ጠርሙስ ገዝቻለሁ» አልሁ።

እርሳቸውም ሌላ ነገር ሳይናገሩ ተኙ።

በማግሥቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሳውዝኤንድ ደረስን። ከጣቢያው ወጥቶ የገበያውን መንገድ ወደ ደቡብ የተከተለ ሰው፣ መንገዱ ሲያልቅ ከከፍታ ላይ ሆኖ ባሕሩን ወደ ታች ያያል። እኔ ፈጥኜ ቀደምሁና ተመለከትሁ። ፒሩ አለ፤ በብረት እግሮቹ ቆሞ ዓይን እስኪደክም ድረስ ይሄዳል። ባሕር ግን የለም። ከፒሩ በታችና በግራ ቀኙ የሚታየው ሁሉ ጭቃ ነው፤ ዝናብ እንደ ጠገበ ማሳ ያብለጨልጫል። ጀልባዎቹ በጎናቸው ተኝተዋል፤ ወፎች በጭቃው ላይ እየተራመዱ ይለቅማሉ። ውኃው ራሱ በሩቅ እንደ ቀጭን መስመር ይታያል፤ እሱም ገና እየሸሸ ነበር። አክስቴ ሣቀች፤ «ባሕሩን ማን ወሰደው?» አለች። አያቴ አልሣቁም። በትራቸውን ተደግፈው ወደዚያ ወደ ብሩሁ ጭቃ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«የውኃውን ነገር ጠይቄህ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉ።

ጥያቄያቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የሆነ ሆኖ ወደ ፒሩ ወረድን፤ የእግረኛ ትኬት ገዝተን መሄድ ጀመርን። ወለሉ የእንጨት ሳንቃ ነው፤ በሳንቃዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ወደ ታች ይታያል፤ የሚታየው ግን ጭቃና የእግር ዱካ ነበር። ከመንገዱ ሢሶውን ያህል እንደ ሄድን የአያቴ ጕልበት እምቢ አለ። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በዚያው ጊዜ ትንሹ ባቡር በአጠገባችን አለፈ፤ በውስጡ የተቀመጡ ሕፃናት እጃቸውን አወዛወዙልን፤ ሕፃናት ያልሆኑ ብዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም ነበሩበት። ባቡሩ የሚቆመው በሁለቱ ጫፍ ብቻ ስለ ሆነ ከመንገድ መሳፈር አይቻልም። እኔ ወደ ፊት ስመለከት ሌላ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ቀርቷል፤ ወደ ኋላ ስመለከት የመጣንበት መንገድ አለ። እንቍላላችንን እዚያው ጭቃው ፊት ለፊት በላን፤ ቡናውንም ጠጣን። አያቴ ስለ ምጽዋ ሙቀት፣ በሌሊት የመርከቡ ብረት እንኳ እንደማይቀዘቅዝ ተረኩልን። ከዚያ ተመለስን። በባቡር ውስጥ «አየሁት፤ ይበቃል» አሉ። እንዲህ ያሉት ለእኔ አዝነው እንደ ሆነ አውቄያለሁ፤ ስለዚህም ይበልጥ ከበደኝ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝምና ስለዚሁ ፒር ማንበብ ጀመርሁ። ከዚህ በፊት ቍጥሩን ብቻ ነበር የማውቀው፤ ምክንያቱን አላውቅም ነበር። ያሳፈረኝ ጭቃ ራሱ ፒሩን ያሠራው ነገር ሆኖ አገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የሎንዶን ሰዎች ለዕረፍትና ለጤና ወደ ባሕር ዳር መሄድ ይወዱ ነበር፤ የሚሄዱትም ወንዙን ተከትሎ በሚወርድ በእንፋሎት በሚሠራ መርከብ ነው። ሳውዝኤንድ ከሁሉ ይልቅ ለሎንዶን ቅርብ ስትሆን፣ ውኃው በሸሸ ጊዜ መርከብ ሊጠጋት አይችልም። ተጓዡም እርስዋን በሩቅ እያየ አልፎ ወደ ማርጌት ይሄዳል፤ ገንዘቡንም እዚያ ያወጣል። የሳውዝኤንድ ሰዎች ይህን አይተው በ1829 ከፓርላማው ፈቃድ አገኙ፤ በ1830ም የመጀመሪያው የእንጨት ፒር ተከፈተ። ርዝመቱ ግን 180 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ውኃው በሸሸ ጊዜ ጫፉም በጭቃ ላይ ይቀራል ማለት ነው። እንግዲህ እነርሱም የመጀመሪያውን ዕቅድ እንደ እኔ ነው ያወጡት፤ ይህን ሳነብ ጥቂት ተጽናናሁ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ውኃ ያለበት ጥልቅ ቦታ እስኪያገኙ ድረስ ያስረዝሙት ጀመር፤ በ1848 በአውሮፓ ካሉት ፒሮች ሁሉ ረጅሙ ሆነ። ስለዚህ 2158 ሜትር የተባለው ለመመካት የተመረጠ ቍጥር አይደለም፤ የጭቃው ስፋት ነው። በጫፉ ላይ ውኃ በማንኛውም ሰዓት አለ። እኔ አያቴን በባቡር ወስጄ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያው በጭቃው ቀን እንኳ ጫፉ ላይ ውኃ ያዩ ነበር።

እንጨቱ እየበሰበሰ ስላስቸገረ በጄምስ ብረንሊስ ንድፍ የተሠራው የብረት ፒር በ1889 ተከፈተ፤ በሚቀጥለው ዓመት በላዩ የኤሌክትሪክ ባቡር ሥራ ጀመረ። የዛሬዎቹ ባቡሮች በ2022 የገቡ ናቸው። ፒሩ ከእሳት ብዙ ጊዜ ተርፏል፤ በ1959፣ በ1976 እና በ2005 ተቃጥሏል። በ1986 ደግሞ አንድ መርከብ ጥሶት አለፈና ጫፉን ከቀረው ለየው። ውኃ በከበበው ቦታ ላይ እሳት እንዲህ መበርታቱ ለእኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባሕር ኃይል ፒሩን ተረክቦት ነበር፤ መርከቦች በአጀብ ሆነው ወደ ባሕር ከመውጣታቸው በፊት በዚያ ይሰበሰቡ ነበር፤ በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ከ84 ሺህ የሚበልጥ የመርከብ ጕዞ ከዚያ ተነሥቷል። ይህን በማግሥቱ ለአያቴ ባነበብሁላቸው ጊዜ ከተኙበት ቀና አሉ። «ሰማንያ አራት ሺህ? ድገመው እስቲ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ሁለተኛ ጕብኝት እንደሚያስፈልግ ወሰንሁ።

ስለ ባሕር ሙላትና ሽሽት ሁላችን ተምረናል። የጂኦግራፊ መምህራችን እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ በፈተና ላይ ጥያቄውን በትክክል እንደ መለስሁ ያስታውሱ ይሆናል። ጨረቃና ፀሐይ የባሕርን ውኃ ይስባሉ ብዬ ጻፍሁ፤ ሙሉ ውጤት አገኘሁ፤ ባቡር ለመሳፈር ሰዓት ስመርጥ ግን ጨረቃ ትዝ አላለችኝም። በሳውዝኤንድ ባሕሩ በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ስለዚህ የዛሬው ሙላት ነገ በዚያው ሰዓት አይገኝም፤ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በምትወለድበት ጊዜ ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ሆነው ስለሚስቡ ሙላቱም ሽሽቱም ይበረታል፤ በሳውዝኤንድ በዚያ ጊዜ የውኃው ከፍታ ከ5 ሜትር በላይ ይለዋወጣል። የቴምዝ አፍ ከውጭ ሰፊ ሆኖ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ነውና ውኃው ሲገባ ይከማቻል፤ መሬቱ ደግሞ እጅግ ዝርግ ስለ ሆነ ውኃው ጥቂት ዝቅ ባለ ቍጥር ዳርቻው ብዙ ይርቃል። በምጽዋ ግን እንዲህ አይደለም። የቀይ ባሕር በር በደቡብ በኩል ጠባብ ነው፤ በዚያ የውኃው መውጣትና መውረድ ከአንድ ሜትር እምብዛም አያልፍም። አያቴ ግን የሌላውን አገር ባሕር ጠባይ በባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ተምረው ነበርና፣ ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላም አልረሱትም።

ወደ አገራችን የምንመለስበት አውሮፕላን በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው። የመጀመሪያው ረቡዕ ጨረቃ ግማሽ የሆነችበት ቀን ነበር። ሠንጠረዡን ስመለከት፣ ከሳምንት በኋላ ባለው ረቡዕ ጨረቃ ሙሉ ትሆናለች፤ እኛ ጭቃ ባየንበት በዚያው ሰዓት ውኃው ሞልቶ ይገኛል። አንድ ሳምንት ብቻ ቀን ወደ ሌሊት የመለወጥን ያህል ነገሩን ይገለብጠዋል።

ነገር ግን ሰዓቱን ማወቅ እንደምታስቡት ቀላል አይደለም። የሙላት ሠንጠረዥ የሚጻፈው በግሪንዊች ሰዓት ነው። እንግሊዞች ግን በበጋቸው ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ያደርጋሉ። አያቴ ደግሞ ሰዓታቸውን በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንደ ያዙ ናቸው፤ ሎንዶን ድረስ ሄደውም አልለወጡትም። ስለዚህ ሠንጠረዡ ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ቢል፣ በእንግሊዞቹ ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዓት ነው፤ በአያቴ ክንድ ላይ ደግሞ ስምንት ሰዓት ነው። በመጀመሪያ ስጽፍ አንዷን ሰዓት ረስቼ ነበር፤ አክስቴ ናት ያየችልኝ። ይህን የምነግራችሁ ለመቀለድ አይደለም፤ በእንዲህ ያለ ቦታ አንድ ሰዓት መሳሳት ሰውን ከሙላት አሳልፎ ወደ ሽሽት ይጥለዋል።

የገንዘቡም ነገር አለ። አክስቴ በዚያ ሳምንት ሁለተኛ ዕረፍት አልነበራትም፤ የባቡሩንም ወጪ አንድ ጊዜ ችላለች። እኔ ለኳስ ጫማ ያስቀመጥሁት ገንዘብ ነበረኝ። የአሰልጣኛችንን ፊት እያየሁ ነው የምናገረው፤ በዚህ ዓመት በአሮጌ ጫማ የምጫወትበት ምክንያት ይኸው ነው።

በዚህ ጊዜ ዕቅዱን ለብቻዬ አላወጣሁትም። ደብተሬን ይዤ ከአያቴ አልጋ አጠገብ ተቀመጥሁና አንድ በአንድ አነበብሁላቸው። «8 ሰዓት ላይ ጫፉ ላይ እንደርሳለን» ስል አስቆሙኝ። «በሙላቱ ሰዓት አትድረስ፤ ቀድመህ ደርሰህ ጠብቀው» አሉ። 7 ሰዓት ብዬ አረምሁ። «መሄጃና መመለሻችን በትንሹ ባቡር ነው» ስል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወደ የትኛው ጎን እንቀመጣለን?» ብለው ጠየቁ፤ ይህን አላሰብሁበትም ነበር። ፒሩ ወደ ደቡብ የሚሄድ መሆኑን ነገርኋቸው። «እንግዲያስ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ እናድርግ፤ መርከብ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ፀሐይም ዓይኔ ውስጥ አትገባም» አሉ። ስለ ነፋሱም ጠየቁኝ። በእርግጥም ነፋስ ሲበረታ ፒሩ ይዘጋል፤ በብርዱ ወራት ደግሞ የሚከፈትባቸው ቀኖች ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ጧት ከቤት ሳንወጣ መከፈቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል ብዬ ጻፍሁ። የመጨረሻውን መስመር ያስጻፉኝ እርሳቸው ናቸው፤ «ቡናው እስኪዞር ድረስ አይከፈት» የሚል ነው። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ አልጠየቅሁም፤ ጻፍሁት።

ማክሰኞ ማታ ነፋስ ነበር። ዛፎቹ በመስኮቱ ላይ ሲንኳኩ ብዙ ጊዜ ተነሥቼ አየሁ። ጧት ግን ጸጥ አለ፤ ፒሩም እንደሚከፈት አረጋገጥሁ። አያቴ ከኮታቸው ላይ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዓይናቸውን ጠብታ አስደርገው ወጡ። በባቡሩ ውስጥ ሰዎች ጋቢውን ያዩ ነበር፤ እርሳቸው ግድ አልነበራቸውም።

በዚያው በገበያው መንገድ ወረድን። በዚህ ጊዜ አልቀደምኋቸውም፤ ክንዳቸውን ይዤ በእርሳቸው እርምጃ ሄድሁ። መንገዱ ሲያልቅ ቆምን። ጭቃው የነበረበት ቦታ ሁሉ ውኃ ሆኗል፤ እስከ ዳርቻው ግንብ ድረስ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። ባለፈው በጎናቸው ተኝተው የነበሩት ጀልባዎች ቀጥ ብለው ይወዛወዛሉ። አያቴ ከዚያ ርቀት ምን ያህሉን እንዳዩ አላውቅም። ነገር ግን አየሩን በአፍንጫቸው ሳቡና «ዛሬስ አለ» አሉ።

ትንሹ ባቡር እስከ ጫፉ አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በመስኮቱ ግራና ቀኝ ከውኃ በቀር ምንም አይታይም። በጫፉ ላይ ሰዎችን ከባሕር አደጋ የሚያድኑ ጀልባዎች ጣቢያ አለ፤ ሻይ ቤት አለ፤ ዓሣ አጥማጆች መቃጥናቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። በማዶ የኬንት አውራጃ ምድር እንደ ደመና ይታያል። አያቴ ከባቡሩ ሲወርዱ መጀመሪያ ያዩት ይህን ሁሉ አይደለም። አጐንብሰው ወደ እግራቸው ተመለከቱ። በሳንቃዎቹ መካከል ውኃው ከታች ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፁም ይሰማል። በትራቸውን ሰጡኝና ሁለት እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ መርከብ ላይ እንደሚቆም ሰው፣ ሳይደገፉ ቆሙ። ስንት ደቂቃ እንደ ቆሙ አልቈጠርሁም። አንድ ዓሣ አጥማጅ ወንበር ሊሰጣቸው ተነሥቶ ነበር፤ ፊታቸውን አየና መልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ወደ ምሥራቅ ዞረን ተቀመጥን። ወደ ወንዙ የሚገቡት ትላልቅ መርከቦች ለእርሳቸው እንደ ጥላ ብቻ ስለሚታዩ፣ እኔ ቀለሙንና ቅርጹን እነግራቸዋለሁ፣ እርሳቸው ምን ዓይነት መርከብ እንደ ሆነ፣ ጭነት ይዞ እንደ ሆነ ወይም ባዶውን እንደ ሆነ ይነግሩኛል። «ከውኃው በላይ ቀዩ ቀለም ብዙ ይታያል?» ይሉኛል። «ብዙ ይታያል» ስል፣ «እንግዲያስ ባዶ ነው» ይላሉ። በዚህ ሁኔታ አንድ ሰዓት አለፈ።

«እዚያ መልሕቅ የጣሉ ትናንሽ ጀልባዎች አሉ?» አሉኝ።

«አሉ፣ አባባ።»

«አፍንጫቸው ወዴት ነው?»

«ወደ እኛ ፊት ነው፤ ወደ ምሥራቅ።»

«ውኃው ገና እየገባ ነው» አሉ፤ ዝም አሉ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግመው ጠየቁኝ። ጀልባዎቹ እርስ በርሳቸው አልተስማሙም፤ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ይመለከታል፤ ገመዳቸውም ላልቷል። ይህን ነገርኋቸው። አልመለሱልኝም፤ ጆሮአቸውን ወደ ሳንቃው ያዘነበሉ ይመስል ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ስመለከት ሁሉም ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው፣ አፍንጫቸውን ወደ ሎንዶን አዙረዋል።

«ዞረዋል» አልሁ።

«ዞረ» አሉ፤ «አሁን ቡናውን ክፈት።»

ከጠጣን በኋላ በትንሹ ባቡር ተመለስን። በመንገድ ላይ ውኃው ገና ከታችን ነበር፤ ጭቃው የት እንዳለ የሚያውቀው የሚያውቅ ብቻ ነው።

አሁን አያቴ አዲስ አበባ እኛ ቤት ናቸው። የዓይናቸው ነገር አልተሻለም፤ ጠብታው ግን በሰዓቱ ይደረግላቸዋል። በየሰኞው ማታ የሳውዝኤንድን የሳምንቱን ሙላት ሰዓት አነብላቸዋለሁ፤ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደ ፊት ባደረጉበት ወራት ሁለት፣ መልሰው ባስተካከሉበት ወራት ሦስት ሰዓት ጨምሬ በእኛ ሰዓት እነግራቸዋለሁ፤ እርሳቸውም በቃላቸው ይይዙታል። ትናንት ከትምህርት ቤት ስገባ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ቦርሳዬን ሳላወርድ ሰዓት ጠየቁኝ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው አልኋቸው።

«እንግዲያስ ጀልባዎቹ ሊዞሩ ነው» አሉና፣ እናቴ ቡናውን እንድታቀርብ ጠየቁ።